በ20 ዶላር የገዛሁት ዓሣ ቤቱን ሊወርሰኝ ነው

ሌሊት_ፈረቃ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ጥር 9

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ገና መጻፌ ነው። የሚያማክረኝ ሰው አጥቼ ነው።

የማታ ሥራ ነው የምሠራው፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ። ጠዋት እኔ ስገባ ሰው ሁሉ ይወጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የእህቴን ልጆች ይዤ ዋሽንግተን ናሽናል ዙ ሄድኩ። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ነው እንጂ ለእንስሳ ያን ያህል ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። አማዞንያ የሚባለው ክፍል ስንደርስ ልጆቹ ሮጠው አለፉ፣ እኔ ቀረሁ። ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነ ትልቅ ዓሣ ከጨለማው ወጥቶ ቀስ እያለ መጣና ፊቴ ቆመ። ረጃጅም ጢም አለው። አፉ የሽማግሌ አፍ ይመስላል፤ አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ የተወው ዓይነት። ልጆቹ ተመልሰው እስኪጎትቱኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሱቅ ውስጥ ያንኑ ዓሣ በትንሹ አየሁት። ሬድቴል ካትፊሽ ይሉታል። የእኛ አምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው። 7 ሴንቲሜትር፣ 20 ዶላር። ሻጩን «ስንት ያድጋል?» አልኩት። «እንደ ገንዳው ነው» አለኝ። አመንኩት።

ይኸው 16 ወሩ። 55 ሴንቲሜትር ደርሷል። ገንዳው ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 60 ነው። ሲዞር መጀመሪያ አፍንጫው፣ ቀጥሎ ጅራቱ መስታወቱን ይነካል። አብረውት የነበሩትን ስድስት ዓሦች አንድ በአንድ በላቸው። ባለፈው ወር የሙቀት መለኪያውን ዋጠው። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ተፋው። መለኪያው እስካሁን ይሠራል።

ስሙ ድንቡሼ ነው። አትሳቁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ስከፍት ከጥጉ ይነሳል። ጫማዬን ሳላወልቅ መስታወቱ ጋ ደርሷል። ሽሪምፕ በሁለት ጣቴ ይዤ ሳወርድለት ቶሎ አይነጥቅም። መጀመሪያ በጢሙ ጣቴን አንድ በአንድ ይዳብሳል። ከዚያ አፉ ይከፈታል፣ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ሽሪምፑ የለም። ጣቴ አለ። አንዳንዴ በልቶ ሲጨርስ ጉርር የሚል ድምፅ ያሰማል። ከመስታወቱ ውጭ ሆኜ ይሰማኛል።

የምኖረው ቤዝመንት ተከራይቼ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ወርደው ባዩት ቁጥር ያማትባሉ።

ምን ላድርገው? ደግሞ ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። እወደዋለሁ። የሚወድ ሰው እንዲህ ያስራል ወይ?

---

የጫሞ_ልጅ (አርባ ምንጭ)
ጥር 9

እህቴ፣ 55 ሴንቲሜትር ማለት ለአራት ሰው ለብለብ ነው። በዳጣ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ።

---

ሌሊት_ፈረቃ
ጥር 9

አንተ ሰው! ድንቡሼ ያልኩትን ልጅ ነው የምትለበልበው?

---

የጫሞ_ልጅ
ጥር 9

በቃ ይቅርታ። ስም ከወጣለትማ ዶሮም አይታረድም። ሳትሰይሚው ነበር መቅደም።

---

ውሃ_ለዋጭ (ዱባይ)
ጥር 9

እኔ እዚህ ስድስት ዓመት የዓሣ ሱቅ ሠርቻለሁ። አሁን ወጥቻለሁ። ያ «እንደ ገንዳው ነው» ያለሽ ልጅ እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ስንት ሰው እንዲህ እንዳልኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን የተማርኩት አነጋገር ነው።

ውሸቱ የሚያስኬደው እውነት ስለሚመስል ነው። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ እውነትም ቶሎ አያድግም። ውሃው በገዛ ቆሻሻው ይበከላል፣ ናይትሬት ይከማቻል፣ መዋኛ የለውም፣ ጡንቻው ይሰንፋል፣ አከርካሪው ሊጣመም ይችላል። ደንበኛው ያንን አይቶ «ለገንዳው ተመጠነ» ይላል። ተመጥኖ አይደለም፣ ቀንጭሮ ነው። ልጅ ሲቀነጭር «ለቤቱ ተመጠነ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

የአንቺ ደግሞ አልቀነጨረም። በ16 ወር 55 ከደረሰ በደንብ ይዘሽዋል ማለት ነው፤ እንዲያውም ችግርሽ የመጣው በደንብ ስለያዝሽው ነው። ይህ ዓሣ ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል፣ ከ40 ኪሎም ያልፋል። ከ15 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዓሣው 1 ሜትር ከ20 ቢሆን፣ ሳይታጠፍ እንዲዞር ገንዳው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ወርድ ያስፈልገዋል። ርዝመቱን 4 ሜትር፣ ጥልቀቱን 1 ሜትር በዪው። 6,000 ሊትር። ውሃው ብቻ 6 ቶን ማለት ነው፤ ሦስት ሚኒባስ ሳሎን ውስጥ እንደማቆም። ይህም ለዓሣው ምቾት አይደለም፣ ዝቅተኛው ነው።

ለምን በ20 ዶላር ይሸጣል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ከአማዞን ተጠምዶ የመጣ እንዳይመስልሽ። በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እርባታዎች ነው። እናቲቱን የሆርሞን መርፌ ወግተው እንቁላሏን ያስጥሏታል፣ በአንድ ጊዜ በሺዎች ይፈለፈላል። ስለዚህ ርካሽ ነው። እኛ ሱቅ አንድ ካርቶን ሲከፈት ጣት የሚያክሉ ልጆች በፕላስቲክ ከረጢት ከረጢት ተደርድረው ይመጣሉ። ቆንጆ ናቸው። ሁላችንም ግን እናውቅ ነበር። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን 6,000 ሊትር በዚህ ከተማ የለም። እናውቅና እንሸጥ ነበር።

ከሬድቴሉ ይልቅ እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ «ሻርክ» የምንለው ነው። አባት ልጁን ይዞ ይመጣል። ልጁ ሻርክ ይላል። አይሪደሰንት ሻርክ እናሳየዋለን፣ በ10 ድርሃም። ሻርክ አይደለም፤ የሜኮንግ ወንዝ ካትፊሽ ነው። ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ ፓንጋሲየስ ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ሥጋ እሱ ራሱ ነው። እሱም ከአንድ ሜትር ያልፋል። በዚያ ላይ ድንጉጥ ነው፣ በቡድን ካልሆነ አይረጋጋም። መብራት ድንገት ሲበራ ሄዶ ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል። አንድ ደንበኛ አፍንጫው ተልጦ አጥንቱ የታየ ዓሣ በባልዲ ይዞ መጥቶ «ቀይሩልኝ» አለን። ቀየርንለት። ሌላ ሰጠነው።

---

ቦሌ_አሮዋና (አዲስ አበባ)
ጥር 10

ልጅቷ ምክር ጠየቀች፣ እናንተ ንስሐ ትገባላችሁ። የትልቅ ዓሣ ልክፍት ያለበት ሰውም ይናገር እንጂ።

እኔ ጋ ሲልቨር አሮዋና የሚባል አንድ ዓሣና ኦስካር የሚባሉ ሁለት ዓሦች አሉ። ገንዳው 3 ሜትር በ1 ሜትር በ70 ነው፣ 2,100 ሊትር። ምድር ቤት፣ ኮንክሪት ላይ የተቀመጠ። ትንንሽ ዓሦችም ነበሩኝ ድሮ። ያምራሉ። እንደ መጋረጃ ያምራሉ። ትልቁ ግን መልሶ ያይሃል። ኦስካር ዓይኑን አዙሮ በክፍሉ ውስጥ ይከተልሃል። እኔ ስገባ ይደንሳል፣ ባለቤቴ ስትገባ ይደበቃል። (ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። አንድ ቀን በመጥረጊያ እንጨት መስታወቱን አንኳኩታበታለች።)

አዲስ አበባ ላይ ይህን መያዝ ቀልድ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው። ሁለት ሮቶ አለኝ፣ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለዓሦቹ። የእኛው አልቆ የእነሱ ሙሉ የሆነበት ሳምንት ነበር፤ ቤት ውስጥ የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም። መብራት ደግሞ አለ። ማለቴ የለም። አንድ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ሄደ። የባትሪው አየር መንፊያ ስድስት ሰዓት ነው የሚይዘው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቆመ። ኦስካሮቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። ኦክስጅን አጥሯቸዋል። በሳህን እየቀዳሁ ከላይ ማፍሰስ ያዝኩ። መቅዳት፣ ማፍሰስ፣ መቅዳት፣ ማፍሰስ። 1 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ክንዴ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር። ሁሉም ተረፉ።

ይህን የሚያደርግ ሰው ጨካኝ ነው አትበሉኝ። የምትበሉት የእርባታ ዶሮ እንዴት ነው የሚኖረው? የእኔ አሮዋና ከእሱ አሥር እጥፍ የተሻለ ይኖራል። ጥፋቱ መያዙ አይደለም፤ ሳያሰሉ መያዙ ነው።

---

ቅድስት_ጾመኛ
ጥር 10

ዛሬ ገሃድ ነው። ስለ ለብለብ ባታወሩስ?

---

የጫሞ_ልጅ
ጥር 10

ዓሣ እኮ የጾም ነው።

---

አወያይ
ጥር 10

የጾም ክርክር ሌላ ክር አለው፣ 340 መልስ ደርሷል፣ እዚያ ሂዱ። እዚህ ስለ ድንቡሼ ነው።

---

ጠያቂዋ (ስቶክሆልም)
ጥር 10

ቦሌ_አሮዋና፣ ስለ ሳህኑ ያልከው ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ግን «መልሶ ያይሃል» ያልከው ላይ ላቁምህ።

እውነት ነው፣ ያያል። በፈረንጆቹ 2016 በወጣ ጥናት ቀስተኛ ዓሦች፣ ከአፋቸው ውሃ ረጭተው ነፍሳት የሚጥሉት፣ የሰው ፊት ከሌላ ሰው ፊት ለይተው በለመዱት ላይ ውሃ ይረጩ ነበር። በ2019 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች አንዲት ትንሽ ጽዳተኛ ዓሣ መስታወት ውስጥ ራሷን አይታ ገላዋ ላይ የተደረገባትን ምልክት ልትፍቅ ስትሞክር አሳይተዋል። በ2003 ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት የሚባሉ ዓሦች ከንፈር ላይ አሲድ ሲወጉ ዓሦቹ ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ ያሹ ነበር፣ ለሰዓታትም አልበሉም። ይህ ሕመም ነው አይደለም የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አንጎላቸው እንደ እኛ አይደለም የሚሉ ሳይንቲስቶች አሉ። እኔ ግን ጠጠር ላይ የሚያሽ ከንፈር ይበቃኛል።

እንግዲህ አንተ የምትወደው ዓሣው ስለሚያውቅህ ከሆነ፣ ግድግዳውንም ያውቀዋል ማለት ነው። አንዱን ብቻ መርጠህ ልትወስድ አትችልም።

አንድ ጥያቄ። የአሮዋናህ ዓይን እንዴት ነው?

---

ቦሌ_አሮዋና
ጥር 10

ነገር ታውቂያለሽ አንቺ።

አዎ። ግራ ዓይኑ ወደ ታች ወርዷል። በገንዳ የሚኖሩ አሮዋናዎች ላይ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ከስብ ብዛት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሁልጊዜ ወደ ታች ከማየት ነው ይላል። ዱር ውስጥ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ከውሃው ዘሎ ከቅርንጫፍ ላይ ጥንዚዛ የሚለቅም ፍጥረት ነው። እኔ ጋ ወደ ላይ ሲያይ ክዳን ነው ያለው። ክዳኑን ባነሳው ደግሞ ይዘልና ሊሾው ላይ አገኘዋለሁ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

---

ዝም_ብሎ_አላፊ
ጥር 11

እንኳን አደረሳችሁ። ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ፖቶማክ ወንዝ አጠገብሽ ነው። ማታ ወስደሽ ልቀቂው። ነጻ ይውጣ።

---

ፖቶማክ_አጥማጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ጥር 11

እንዳታደርጊው! እኔ በዚህ ወንዝ ላይ 12 ዓመት መንጠቆ ጥያለሁ፣ ስለዚህ ስሙኝ።

በመጀመሪያ ይሞታል። በዚህ ወር ውሃው 3፣ 4 ዲግሪ ነው። ድንቡሼ የለመደው 26 ነው። ነጻ ማውጣት ሳይሆን ፍሪዘር ውስጥ መክተት በይው። ሁለተኛ፣ በሕግ ያስጠይቃል።

ደግሞ ይህ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ 2002 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ክሮፍተን የምትባል ከተማ፣ ከሱቆች ኋላ ባለች ኩሬ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ የማያውቀውን ዓሣ ያዘ። ስኔክሄድ ነበር፣ የእስያ ዓሣ፣ ጥርሳም። አንድ ሰው ለሾርባ ብሎ በሕይወት ከኒው ዮርክ ገዝቶ፣ ሳይፈለግ ሲቀር ገንዳ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ሲያድጉበት ኩሬዋ ውስጥ ለቀቃቸው። ሁለት ዓሣ። የግዛቱ ሰዎች ኩሬዋን በመርዝ ሲያጸዱ ስድስት ትልልቅና ከ1,000 በላይ ጫጩት አገኙ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ስኔክሄድን በሕይወት ማስገባት ከለከለ። ክሮፍተን ጸዳች። በ2004 ግን ፖቶማክ ውስጥ ብቅ አለ። ዘሩ ሲመረመር ከክሮፍተኖቹ ጋር አይዛመድም። ሌላ ሰው፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ባልዲ ማለት ነው። ዛሬ እኔ በበጋ ቅዳሜ ሦስት አራት እይዛለሁ። በሕይወት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። እዚያው ገድዬ አመጣለሁ፣ ባለቤቴ ትጠብሰዋለች። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም።

ትልቅ ብቻ አይደለም ነገሩ። በ2021 ሚኒሶታ ውስጥ በርንስቪል የምትባል ከተማ ሐይቋ ውስጥ የተገኙትን ወርቃማ ዓሦች ፎቶ አውጥታ ሕዝቡን ለመነች። ያ ልጆች በብርጭቆ የሚይዙት ጎልድፊሽ የሰው ክንድ ግማሽ ያክል ነበር። ሰው «ለቀቅኩት» ሲል ጥሩ የሠራ ይመስለዋል። አይኑን ጨፍኖ ነው የሄደው።

---

ክላርክስተን_ነኝ (አትላንታ)
ጥር 12

ገንዳ ትልቅ ከሆነ ችግሩ ያልቃል የምትሉ፣ እዚህ ጆርጂያ አኳሪየም ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ አለ። ትልቁ ገንዳ 24 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነው። በፈረንጆቹ 2005 ሲከፈትና በቀጣዮቹ ዓመታት ከታይዋን በአውሮፕላን ነው ያመጧቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ራልፍና ኖርተን፣ ሁለቱም በ2007 ሞቱ። ትሪክሲ በ2020፣ አሊስ በ2021። አኳሪየሙ የሚለው እዚያ ቢቀሩ ለምግብ ይታረዱ ነበር ነው። ያ ደግሞ እውነት ነው፣ ከታይዋን የዓሣ ኮታ ላይ ነው የወሰዷቸው።

ልጄን ይዤ ሄጃለሁ። መስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ ለአንድ ሰዓት ዝም አለች። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላ አታውቅም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ባሕር ላይ ፌስታል ካየች ታለቅሳለች። ስለዚህ እኔ አልቆረጠልኝም። መሄዴን አልጸጸትም፣ ሁለተኛ ግን አልሄድኩም።

---

ውሃ_ለዋጭ
ጥር 12

እዚህ ዱባይ ሞል ውስጥ ያለው 10 ሚሊዮን ሊትር ነው። ሰው ጫማ ሊገዛ ሲሄድ ሻርክ ያያል። እኔ ግን በርሊን ከሆነው ወዲህ ከትልቅ መስታወት ሥር አልቆምም። በታኅሣሥ 2022፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሆቴል ውስጥ የነበረው አኳዶም የሚባል ግዙፍ የመስታወት ገንዳ ሌሊት ፈንድቶ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ መንገድ ላይ ወጣ። 1,500 ያህል ዓሦች ነበሩበት፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። ጠዋት ቢሆን ኖሮ የሰው ነገር እንጃ።

---

የባሮ_ልጅ (ጋምቤላ)
ጥር 12

ስለ አማዞን ታወራላችሁ። ባሮ ውስጥ ሄተሮቲስ አለ፣ የዚያ የአማዞኑ ትልቅ አራፓይማ የቅርብ ዘመድ። አንድ ሜትር ይሆናል። ማንም አያደንቀውም። እንጠብሰዋለን።

---

የጫሞ_ልጅ
ጥር 13

ስቀልድ ከረምኩ፣ አሁን ከምሬ ልጻፍ።

አባቴ ጫሞ ላይ መረብ ይጥል ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ እያለ አንድ ሌሊት ይዞኝ ወጣ። ጫሞ ላይ ሌሊት አዞ ስለሚፈራ ማንም አያወራም፣ መቅዘፊያውም ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። መረቡን ሲስቡ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ክብደት ብቻ ነው ያለው። ሁለት ሰው እየጎተተ ጀልባው ያዘነብላል፣ ዓሣው ገና የለም። ከዚያ አባቴ ባትሪውን አበራ፣ ከውሃው ሥር ሁለት ወርቃማ ዓይኖች አበሩ። ናይል ፐርች ነበር። ጀልባው ውስጥ ሲጋደም ከእኔ ይረዝም ነበር። አጠገቡ ተኝቼ ለካሁት፣ ሁሉም ሳቁብኝ። ጅራቱ ሲመታኝ ወንዝ የመታኝ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ ልክፍቱ ይገባኛል፣ ቦሌ። እኔም አለብኝ። አሁን እንዲህ ያለው አይወጣም። መረቡ በዛ፣ ዓይኑ ጠበበ፣ ሳያድጉ ነው የሚያዙት። የእኔ ልጅ ከእሱ የሚረዝም ዓሣ አይቶ አያውቅም። ያው ዓሣ ደግሞ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሰው ወስዶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከጨመረው ወዲህ እዚያ የነበሩትን ብዙ መቶ ዓይነት ትንንሽ ዓሦች ፈጅቷል። እዚህ ያልቃል፣ እዚያ ይፈጃል። ዓሣው አንድ ነው። እጃችን ነው ነገሩ።

እኔ ዓሣ ገድዬ ነው ያደግኩት፣ ትምህርት ቤትም የሄድኩት በዓሣ ነው። ግን የገደልኩት ዓሣ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ሐይቅ ነበረው።

---

ቦሌ_አሮዋና
ጥር 13

መግደል ይሻላል እያልከኝ ነው?

---

የጫሞ_ልጅ
ጥር 13

ለዓሣው? አንዳንዴ። አንተ 15 ዓመት ሳሎንህ ውስጥ ቆልፌህ ፒዛ በየቀኑ ባመጣልህ ምን ትላለህ?

---

ቦሌ_አሮዋና
ጥር 13

የባለቤቴን ወጥ ስላልቀመስክ ነው፤ እኔ ፒዛውን እመርጣለሁ።

(ገብቶኛል። ገብቶኛል።)

---

ውሃ_ለዋጭ
ጥር 13

ሌሊት_ፈረቃ፣ ወደ አንቺ እንመለስ። ምግቡን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ቀንሺው፤ ለዚህ ዓሣ ይበቃዋል፣ ውሃውም ይጸዳል። ቤዝመንት መሆንሽ ዕድል ነው፣ ወለሉ ክብደት ይችላል። ለጊዜው የእንጨት ሣጥን አሠርተሽ የኩሬ ላስቲክ ብታነጥፊበት ከመስታወት በጣም ይረክሳል፤ ወርዱ ግን 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ከዚያ ስልክ ደውዪ። አኳሪየሞች አብዛኞቹ እምቢ ይሉሻል፣ አትቀየሚያቸው፣ ስልኩ አሰልችቷቸዋል። የዓሣ አርቢዎች ክበብ ይሻላል፤ ሞቃት ኩሬ ያለው ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።

ምንም ካልተገኘ ደግሞ የዓሣ ሐኪም በቅርንፉድ ዘይት አደንዝዞ ሊያሳርፈው ይችላል። ለመጻፍ ይከብዳል። ቀንጭሮ 10 ዓመት ከሚቆይ ግን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በሩን ለክተሽ ጻፊልኝ፣ 70 ከደረሰ እንዴት እንደሚወጣም ማሰብ አለብን።

---

ሌሊት_ፈረቃ
ጥር 14

ሁሉንም አነበብኩ። አንዳንዱን ሁለቴ። የቅርንፉዱን እንዳላነበብኩ ቁጠሩልኝ። በሩ 76 ሴንቲሜትር ነው።

---

ሌሊት_ፈረቃ
ሚያዝያ 20

ሰላም፣ እኔ ነኝ። የት ጠፋሽ ለምትሉ።

ዘጠኝ ቦታ ደወልኩ። ሰባቱ እምቢ አሉ፣ አንዱ አላነሳም፣ አንዷ ሴትዮ ደግሞ ገና «ሬድቴል» ስል ተነፈሰች። በመጨረሻ በአንድ ክበብ በኩል ሰሜን ካሮላይና ያለ ሽማግሌ ተገኘ። የአበባ ማሞቂያ ቤት ነበረው፣ አበባውን ትቶ ኩሬ ቆፍሮበታል። 30,000 ሊትር። እንደ ድንቡሼ ከየቤቱ የተባረሩ አራት አሉት።

ባለፈው እሑድ ወሰድነው። 62 ሴንቲሜትር ሆኗል። መረብ አይሆንም፣ ክንፉ ላይ ያለው እሾህ ይጠላለፋል ስላላችሁኝ ሸራ አደረግን። ገንዳውን እስከ ሩብ አጎደልን፣ እህቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ሸራውን ከሥሩ አሾለክን። እትዬ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። ሲነሳ አንዴ ተወራጨና ሦስታችንንም ከእግር እስከ ራስ አጠመቀን። እትዬ «ጥምቀት በሚያዝያ!» ብለው ባትሪውን ጣሉት። በጨለማ ነው ሳፋው ውስጥ ያገባነው። ትልቅ ሳፋ፣ ክዳን፣ የባትሪ አየር መንፊያ፣ አምስት ሰዓት መንገድ። ኋላ ወንበር ላይ እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ጉርር ሲል ይሰማኝ ነበር። እስከዚያ ሲበላ ብቻ የሚያሰማው ይመስለኝ ነበር።

ሰውየው ዓይነ ውሃው ጥሩ ነው፣ አያወራም። ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ እያስለመድነው ቆየን። ከዚያ ሳፋውን ኩሬው ጠርዝ ላይ አዘነበልን። ድንቡሼ ወጣ። ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ወደ መሃል ዞረ። እኔ ጅራቱ የሆነ ነገር እስኪነካ ጠበቅኩ። አልነካም።

ከመሄዴ በፊት ሰውየው ሽሪምፕ አወረደለት። በጢሙ የሰውየውን ጣት አንድ በአንድ ዳበሰው፣ ከዚያ በላ። ልክ እንደ እኔ። እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ቀናሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

---

ጠያቂዋ
ሚያዝያ 20

አለቀስኩ። ቢሮ ውስጥ ነኝ።

---

ቦሌ_አሮዋና
ሚያዝያ 21

እግዜር ይስጥሽ። እኔ ለአሮዋናዬ 5 ሜትር ገንዳ እያሠራሁ ነው። ከእሱ በኋላ ሌላ ትልቅ አልገዛም ብያለሁ። ባለቤቴ ምስክር ናት፣ በጽሑፍ አስፈርማኛለች።

---

ውሃ_ለዋጭ
ሚያዝያ 21

ባዶውን ገንዳ ምን ልታደርጊው ነው?

---

ሌሊት_ፈረቃ
ሚያዝያ 22

ጠዋት ስገባ ቤቱ ጸጥ ይልብኛል። 30 ያህል ኒዮን ቴትራ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ለመሆኑ ኒዮን ስንት ያድጋል?

---

ውሃ_ለዋጭ
ሚያዝያ 22

4 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ገንዳው ምንም ያህል ይሁን። በእናቴ እምልልሻለሁ።

---

የጫሞ_ልጅ
ሚያዝያ 22

ለለብለብ አይሆንም።